በበረዶው ዕለት የጠፋው ሕመም

በረዶው መውረድ ሲጀምር ሐዳሳ ከሰው ገለል ብላ የጓሮውን አጥር ተደግፋ ቆማ ነበር። ወንበር ጠፍቶ አይደለም። ለእሷ ከመቆም ይልቅ መቀመጥ ይከፋባታል። አራት ዓመት ሙሉ ወገቧ ውስጥ ፍም ተቀብሯል፤ ስትቀመጥ ይጋጋማል፣ ስታጎነብስ ይንቦገቦጋል፣ ስትተኛም አይበርድም።

የዚያን እሑድ ከቸርች መልስ ዳላስ አጠገብ ባለችው ፕሌኖ፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ ቤት ግብዣ ነበር። ትንሿ ልጃቸው ማህደር ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች። ሐዳሳ የተጠራችው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤት ልጅ ነው፤ የወይዘሮ ብርቅነሽን የበኩር ልጅ ሲላስን ልታገባ ሠርጋቸው ለኦክቶበር ተቆርጧል። ቢሆንም እናትየው ሲያይዋት ዓይናቸው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው ወገቧ ላይ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ይህን ትልቅ ቤት በነርስነት ደሞዝ የገዙ ጠንካራ ሴት ናቸው። ለልጃቸው የተመኙት ኧርቪንግ ውስጥ ኤርፖርቱ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ወገቧን የተጎዳች ልጅ አልነበረም። አፍ አውጥተው ግን ይህን ተናግረው አያውቁም።

ሰማዩ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ወደ አረንጓዴ አደላ። ዳላስ አካባቢ የከረመ ሰው ያን ቀለም ያውቀዋል፤ መኪና የሚሰባብር በረዶ ሊወርድ ነው። “መኪኖቹ!” ብሎ አንዱ ጮኸ። ወንዶቹ ቁልፋቸውን እያወጡ ወደ ፊት ለፊት በር ሮጡ፤ ሲላስም አብሯቸው። ሴቶቹ ሕፃን ያላት ሕፃኗን፣ ትሪ የያዘችው ትሪዋን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። የመጀመሪያው በረዶ የሎሚ ፍሬ ያክል ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ብርጭቆ ሰበረ።

ጓሮው ውስጥ ጋሽ መንገሻ ብቻ ቀሩ። የወይዘሮ ብርቅነሽ አባት ናቸው። የስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበታቸው በላይ ካስቆረጣቸው ቆይቷል፤ የዊልቸሩ ጎማ ደግሞ ለስላሳው ሣር ውስጥ ሰጥሞ አልንቀሳቀስ ብሏል። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው አናታቸውን ይዘው፣ “ኧረ ልጆች! ኧረ ሰው!” ይላሉ።

ሐዳሳ አላሰበችም። ሮጠች። ዊልቸሩን አንዴ ገፋችው፣ እምቢ አላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ እጇን ከጀርባቸው፣ አንዱን ከቀረው እግራቸው ሥር አስገብታ ሽማግሌውን እንደ ሕፃን አቀፈቻቸውና ጀርባዋን ለበረዶው ሰጥታ እስከ ጋራዡ ድረስ ተሸክማቸው ገባች።

ምንም አልተሰማትም። እስክታስቀምጣቸው ድረስ ፍሙ አልነበረም።

ጋራዡ ውስጥ የተጠለለው ሰው አጨበጨበ። “ተባረኪ!” አለ አንዱ እንግዳ። ማህደር በረዶውን በስልኳ ስትቀርጽ ኖሮ ሁሉንም ይዛዋለች፤ “ኦ ማይ ጋድ፣ እዩት፣ እዩት!” እያለች ስልኩን ዙሪያውን አሳየች። ጭብጨባው ሲያበቃ ወይዘሮ ብርቅነሽ ወደ ሐዳሳ ጠጋ አሉ።

“ሐዳሳ” አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ወገብሽስ?”

 ከላይ ጣራውን የሚቀጠቅጠው በረዶ ብቻ ይሰማል። ሲላስ በዚያ ሰዓት በስብሶ ገባ። ማህደር ስልኩን አቀበለችው። ቪዲዮውን እየሳቀ አየው፤ መሃል ላይ ግን ሳቁ ቆመ። ቀና ብሎ ሐዳሳን ተመለከታት። የማያውቃትን ሴት የሚያይ ይመስል ነበር።

“እንዴት አነሳሻቸው?” አላት። “ማለቴ… ጠዋት እኮ ጫማሽን ያሰርኩልሽ እኔ ነኝ።”

“አላውቅም” አለች።

እውነቷን ነበር። ግን ለራሷ ጆሮ እንኳ ውሸት መሰላት።

* * *

ሐዳሳ በዲቪ ከሆሳዕና የመጣች ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል ውስጥ ክፍል እያጸዳች ሳለ አንድ ከባድ ፍራሽ ጥጉን ስታነሳ ወገቧ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ሐኪሞቹ ጡንቻ ነው፣ በጥቂት ሳምንት ይድናል አሏት። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ኤምአርአይ ተነሳች። መርፌ ተወጋች፤ ክኒኑ ሲያደነዝዛት ተወችው። በመጨረሻ አንዱ ሐኪም ፎቶውን እያሳያት፣ “የተጎዳው ድኗል፤ አሁን የማየው የተሰበረ ነገር የለም” አላት። ለሌላ ሰው የምሥራች በሆነ ነበር። እሷ ግን መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። የተሰበረ ነገር ከሌለ ማን ያምናታል?

ቸርች ውስጥ ጸለዩላት። እጃቸውን ጭነውባት፣ ከልባቸው ጸለዩላት። የዚያን ዕለት በርግጥም ቀለል አላት፤ ማይክ ሰጧትና “ጌታ ፈውሶኛል” ብላ መሰከረች። ሕዝቡ እልል አለ። የመኪና ማቆሚያው ጋ ሳትደርስ ፍሙ ተመለሰ። በቀጣዩ እሑድ እንደ ወትሮው ግድግዳ ተደግፋ ሲያዩዋት ከኋላዋ ሹክሹክታ ሰማች፤ “እምነቷን ጥላ ነው።” ከዚያ ወዲያ ቀለል ሲላት እንኳ ለማንም አትናገርም።

ሲላስን ያገኘችው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ስብከቱ ሲጀመር ከኋላ ቆማ አይቶ አስተናጋጅ መስላው፣ “እህት፣ ባዶ ወንበር የት አገኛለሁ?” አላት።

“ባውቅ እኔ ራሴ እሸሸው ነበር” አለችው።

ሳቀ። በቀጣዩ እሑድ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ሲላስ ቸርች ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። በስድስት ዓመቱ አሜሪካ የመጣ፣ አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ጥሩ ሥራ ያለው፣ አማርኛው የሚደነቃቀፍ ልጅ፤ ለሰዓታት አብሯት ይቆማል። አንድ ቀን፣ “ለምን አትቀመጥም?” ብትለው፣ “ከዚህ ሆኜ ነው ደህና የሚታየኝ” አላት፤ የሚያየው ግን ሰባኪውን አልነበረም።

ጋራዡ ውስጥ የተጠራጠራት ያ ሰው ነው።

ከግብዣው በማግሥቱ ቪዲዮው በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ዞረ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ኮል አደረጉላት።

“ልጄ፣ እኔ ሰው መክሰስ አልወድም” አሉ። “ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ ሳስታምም ነው የኖርኩት። አሞኛል እያለ የሚያታልልም አይቻለሁ። ሶ፣ ሠርጉ ለጊዜው ይቆይ። አንቺም ራስሽን መርምሪ።”

“እማማ፣ እርስዎ ቤት ውስጥ እኮ ነው ያነሳኋቸው። አባትዎን እኮ ነው።”

“ለእሱ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔን የጨነቀኝ ማንሳትሽ አይደለም፤ መቻልሽ ነው።”

ሲላስ የላከላት መልእክት አጭር ነበር። ‘ማሚ ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች። እኔም እያሰብኩ ነው።’ ሐዳሳ ያን መልእክት ደጋግማ አነበበችው፤ ‘እኔም’ የምትለዋ ቃል ከወገቧ በላይ አመመቻት።

* * *

ዶክተር ዓለምጌጥ ዳላስ ውስጥ ባለ የሕመም ክሊኒክ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት። ሐዳሳ እሳቸው ዘንድ መሄድ ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗታል። ክኒን አይሰጧትም። ዓይኗን ጨፍና ሕመሙን እንድታየው ነው የሚያደርጓት፤ የት እንዳለ፣ ይሞቃል ወይ፣ ይንቀሳቀሳል ወይ ብለው እየጠየቁ፣ አደጋ ላይ እንዳልሆነች ለሰውነቷ እንድትነግረው ያለማምዷታል። በዚያ ሳምንት የመጣችው ግን ልምምዱን ልታቋርጥ ነበር። የበረዶውን ነገር ስትነግራቸው ግን ዶክተሯ ፊታቸው በራ።

“ሐዳሳ! ይህ እኮ ደስ የሚል ወሬ ነው!”

“ደስ የሚል?”

“ወገብሽ ሰው መሸከም የሚችል ወገብ ነው። የተሰበረ ቢሆን ኖሮ በረዶ ወረደ ብሎ አይጠገንም። በዚያች ደቂቃ አእምሮሽ የሽማግሌውን አደጋ ሲያይ የአንቺን ማንቂያ አጠፋው። ቤትሽ ሽንኩርት ስታቁላዪ የጭስ ማንቂያው አይጮህም?”

“ይጮሃል።”

“ጩኸቱ ውሸት ነው?”

“አይደለም። ጆሮ ይበጥሳል።”

“እሳትስ አለ?”

ሐዳሳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

“ሕመምሽ እውነት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጮኾብሻል። ግን አሁን የሚጮኸው ቤቱ ስለተቃጠለ አይደለም፤ ማንቂያው መፍራት ስለለመደ ነው። ፍርሃቱ ሲቀንስ ብዙ ሰው ቀለል ይለዋል። ለሁሉም ይሠራል ብዬ አልዋሽሽም። ለአንቺ ግን ተስፋ አለኝ፣ ከዚያ እሑድ ወዲህ ደግሞ የበለጠ።”

ሐዳሳ መስኮቱን ይዛ ቆማ ነበር። 

“ዶክተር፣ እርስዎ አልገባዎትም። ካልዳንኩ ሰው የሚያገባኝ በሽተኛ ሆኜ ነው፤ እሱም ሲሰለቸው ይተወኛል። ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሐሳብ ብቻ ከዳንኩ ደግሞ… ‘አላልናችሁም? መጀመሪያም አላመማትም’ ይላሉ። አራት ዓመት ያለቀስኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ብድንም ዋሾ፣ ባልድንም ዋሾ። ምን ላድርግ? ይንገሩኛ!”

 ዶክተር ዓለምጌጥ ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቧ መጡ።

“ይህን ሸክም እየተሸከምሽ ነው ለካ የምትለማመጂው” አሉ። “እኔ አላየሁትም ነበር።”

“እንግዲህ በቃኝ” አለች ሐዳሳ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ሊፍቱ ውስጥ ገብታ በሩ ሲዘጋ ሕመሙ በረታባት። መኪናዋ ጋ ደርሳ መሪውን ይዛ ስትቀመጥ ከወገቧ እስከ ተረከዟ ነደደች። ለሲላስ ልትደውል ስልኩን አነሳች፤ ስሙን አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። የሚያምነው ሰው የሌለው ሕመም ይዛ መኪናው ውስጥ ቀረች።

* * *

ሲላስ በዚያ ሳምንት በሥራም በቤትም ከሰው አልተነጋገረም። ዓርብ ከሥራ ሲወጣ እናቱ ቤት ሄደ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ሳሎኑ ውስጥ አባታቸው ፊት ተንበርክከው ነበር። ጋሽ መንገሻ ጥርሳቸውን ነክሰዋል፤ ግንባራቸው በላብ ረጥቧል።

“ምን ሆኑ?” አለ ሲላስ ደንግጦ።

“እግራቸው ነው” አሉ እናቱ ቀና ሳይሉ። “የቀኙ። ትንሿ ጣት ዛሬ እሳት ሆናባቸዋለች።” እያሉ ረዘም ያለ መስታወት ከሽማግሌው ጭኖች መሃል አቆሙ። ግራ እግራቸው መስታወቱ ውስጥ ሲታይ የጠፋው ቀኝ እግር ተመልሶ የመጣ ይመስላል። “አባባ፣ ጣትዎን ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱ። ሁለቱንም። እያዩት… እንዲያ ነው።”

ሲላስ ይህን ብዙ ጊዜ አይቶታል። የዚያን ቀን ግን ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ቆሞ ቀረ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሽማግሌው ትከሻ ረገብ አለ፤ ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው።

“ቀለል አለዎት?” አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ።

“ቀለል አለኝ፣ ተባረኪ።” ጋሽ መንገሻ የልጃቸውን እጅ ይዘው አልለቀቁም። “ብርቅነሽ።”

“አቤት።”

“ያ እግሬ የት ነው ያለው?”

“አባባ፣ ምን ማለትዎ ነው?”

“የት ነው? እኔ ተቀብሯል ነው የማውቀው። የሌለ ጣት አመመኝ ስልሽ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ዋሹ ብለሽኝ አታውቂም። በመስታወት ብልሃት ሲሻለኝም መጀመሪያውኑ አላመመዎትም አላልሽኝም።”

ወይዘሮ ብርቅነሽ እጃቸውን ለማስለቀቅ ሞከሩ። “ይኼ ሌላ ነው፣ አባባ። የእርስዎ ነርቭ ነው። በሕክምና የታወቀ ነገር ነው።”

“የሷስ ምንድን ነው? ወገብ ያላት ልጅ አመመኝ ስትል፣ እግር ከሌለው ሽማግሌ ያነሰ የምትታመነው ለምንድን ነው?” ድምፃቸው ከፍ አለ። “እናንተ ያያችሁት ስትሮጥ የተቀረጸውን ነው። እኔ በክንዷ ላይ ነበርኩ። ካስቀመጠችኝ በኋላ እናንተ ስታጨበጭቡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከንፈሯ ደም እስኪመስል ነክሳ ቆመች። ሁላችሁም ስልክ ታያላችሁ፤ እሷን ያያት የለም።”

ከዚያ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። “አንተም ጭምር።”

  እናቱ መስታወቱን አንሥተው ወደ ኩሽና ሄዱ። የውኃው ቧንቧ ተከፈተ። እጃቸውን ሲታጠቡ ቆዩ፤ ለመታጠብ ከሚያስፈልገው በላይ ቆዩ። ሲላስ ሳሎኑ መሃል ቆሞ ኀፍረት ከእግር ጥፍሩ ጀምሮ ሲወጣበት ተሰማው።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዳሳ አፓርትመንቷ ውስጥ ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ተጋድማ ነበር። ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ስታጎነብስ የያዛት ሕመም ወደ አልጋዋ እንኳ አልመለሳትም። በሩ ተንኳኳ።

“ሐዳሳ። እኔ ነኝ።”

ዝም አለች።

“መኪናሽ ፓርክ ተደርጓል። እንዳለሽ አውቃለሁ። አትክፈቺ፣ ኦኬ? ካልፈለግሽ አትክፈቺ። እዚሁ እቀመጣለሁ።”

ከበሩ በታች ባለው ክፍተት ጥላው ዝቅ ሲል አየች። ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጧል። ሲላስ ሊናገር ሲጀምር አውሮፕላን ከላያቸው አለፈ፤ እዚያ ሰፈር ውስጥ ሰው ንግግሩን ለአውሮፕላን መተው ለምዷል። ድምፁ እስኪርቅ ሁለቱም ጠበቁ።

“ተጠራጥሬሻለሁ” አለ። “ሰው አሳስቶኝ አይደለም። እኔው ራሴ። ቪዲዮውን ለሁለት ቀን ደጋግሜ ሳየው ነበር።”

“ምን ፍለጋ?” ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። “ውሸቴን?”

“አዎ።”

ያን ያህል እውነት አልጠበቀችም። ዓይኗን ጨፈነች።

“አገኘኸው?”

“እጅሽን፣ ወገብሽን፣ እግርሽን ነበር የማየው። ከዚያ ፊትሽን አየሁት። ሐዳሳ፣ ፊትሽ ላይ ፍርሃት አልነበረም። ምንም። ማለቴ… አንድ ዓመት ሙሉ አብሬሽ ስሆን ያለ ፍርሃት አይቼሽ አላውቅም። ስትስቂም፣ ስትበዪም፣ እጅሽን ስይዝሽም ትፈሪያለሽ። ያን ያህል ፈርተሽ እየኖርሽ እኔ ምን ሳይ ነበር?”

“እንግዲያው እሷን ውደዳት!” ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ወገቧን ወጋት፤ አላቆመችም። “ቪዲዮ ውስጥ ያለችውን! እሷ አትፈራም፣ ሽማግሌ ትሸከማለች፣ እናትህ ቤት ትሪ ታነሳለች። እሷን አግባ! እኔ እሷን አላውቃትም፣ ሲላስ። አንዴ መጥታ ስሜን አጥፍታ የሄደች ሴት ናት!”

ከበሩ ማዶ የእግር ኮቴ ተሰማ። አንዲት ጎረቤት የልብስ ቅርጫት ይዛ አለፈች፤ “ዩ ኦኬ?” ስትለው ሐዳሳ ሰማች። “ኖ” አለ ሲላስ። የጎረቤቷ ኮቴ እየራቀ ሄደ።

ከዚያ ሲያለቅስ ሰማችው። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም ነበር፤ አባቷ እንኳ እንባውን የሚያብሰው ከከብቶቹ በረት ኋላ ሄዶ ነው። ሲላስ ግን ሰው የሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሳይደብቅ አለቀሰ።

ሐዳሳ በክርኗ እየተሳበች ወደ በሩ ተጠጋች። ጀርባዋን በሩ ላይ አሳረፈች። እንጨቱ ማዶ ጀርባው እንዳለ ይታወቃታል።

“ሲላስ።”

“አለሁ።”

“አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቶሎ አትመልስልኝ። የወደድከኝ ታምሜ ነው፤ እንዲያ ሆኜም እንደምትወደኝ አውቃለሁ። እሱን አልጠይቅህም።” አለች። “ብድንስ? መድኃኒት ሳልውጥ፣ ሳልቀደድ፣ አንዲት ሴትዮ ቢሮ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ብድንስ? ያኔ እነዚህን አራት ዓመታት ታምነኛለህ? ወይስ ያን ጊዜም እንደ ጋራዡ ታየኛለህ?”



“አባባ የሌለ እግራቸው ያማቸዋል” አለ በመጨረሻ። “ትናንት በመስታወት ሲሻላቸው አየሁ። ሲሻላቸው ሕመሙ ውሸት አልመሰለኝም። የባሰ እውነት ነው የመሰለኝ። እንዴት እንደምለው አላውቅም፤ አማርኛዬ አይበቃም።”

“በቅቷል” አለች በቀስታ።

“ማሚ ገና ናት። ምንም አላለችም። ይቅርታ ጠየቀች ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ኦክቶበርም ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ብቻ ነገ ብትድኚ አምንሻለሁ። ከነገ ወዲያ ቢመለስብሽም አምንሻለሁ። በየቀኑ ቢለዋወጥም በየቀኑ ትነግሪኛለሽ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።”

ሌላ አውሮፕላን አለፈ። ሐዳሳ አንገቷን በሩ ላይ አሳርፋ ጠበቀችው። ሳታስበው ዶክተሯ ያስተማሯትን ማድረግ ጀመረች፤ ፍሙን ፈለገችው። ከወገቧ በስተግራ ነበር። ይሞቃል። ይንቀጠቀጣል። እንዲጠፋ አላዘዘችውም፤ ለማንም ማስረጃ እንዲሆንላት አልለመነችውም። እንዲሁ አየችው፤ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሸሸው አየችው። ትንፋሿ ወደ ሆዷ ወረደ።

አውሮፕላኑ ርቆ ሲጠፋ ፍሙ እንደ ቀድሞው አልነበረም። አልጠፋም። ዳር ዳሩ ግን ለስልሷል።

ልቧ በድንጋጤ መታ። ማይኩ፣ እልልታው፣ ከኋላዋ የነበረው ሹክሹክታ ትዝ አሏት። ዝም ብትል ይሻላት ነበር። ማንም አያውቅባትም።

“ሲላስ…”

“አለሁ።”

“አሁን…” አለች። “አሁን ቀለል አለኝ። ትንሽ።”

ጠበቀች። ‘አየሽ!’ ይላታል ብላ ጠበቀች። ‘እንዴት?’ ይላታል፤ ‘ጌታ ይመስገን’ ይላታል፤ ይስቃል።

“እሺ” አለ ሲላስ።

ሌላ ምንም አልጨመረም።

ሐዳሳ የበሩን እጀታ ይዛ ለመነሳት ሞከረች። በአንድ ጉልበቷ ቆመች፤ ቁልፉን አዞረች። ቀና ስትል ሕመሙ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ወረደባት፤ የተከፈተው በር ላይ ተንጠለጠለች። ሲላስ ከመሬት ብድግ ብሎ ቆሞ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። እጁን ዘርግቶ አልያዛትም፤ እስክትነግረው ጠበቀ።

“ተመለሰ” አለችው፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። “ተመለሰብኝ፣ ሲላስ።”

“እሺ” አላት፤ በዚያው ድምፅ።

ያኔ ሐዳሳ ግንባሯን ደረቱ ላይ ጣለች። ወገቧ እየነደደ፣ አራት ዓመት ሙሉ ለመታመን ብላ አጥብቃ ይዛው የኖረችው ‘ሕመሜን ላረጋግጥ’ የሚል ሸክም ከእጇ ወደቀ። ብቻ ጮክ ብላ፣ ጎረቤት ይስማኝ አይስማኝ ሳትል፣ አለቀሰች።